ደዋዩ ጫጫታ ውስጥ ሲሆን፦ በስልክ የሚያናግር ሲስተምን የማስተካከያ መመሪያ

ደዋዩ “አዎ” ይላል። ሲስተሙ “ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም” ይመልሳል። ደዋዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ “አዎ!” ይላል። ሲስተሙ ያችኑ ይደግማል። በሦስተኛው ላይ ደዋዩ አንድ ነገር አጉረምርሞ ስልኩን ይዘጋል። ቅጂው ሲከፈት ከኋላ የሞተር ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት ወይም የቴሌቪዥን ዜና ይሰማል። ሪፖርቱ ላይ “ደዋዩ ጫጫታ ውስጥ ነበር” ተብሎ ይጻፍና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

እንዲህ ያሉ ሲስተሞችን ስጠጋግን ከርሜያለሁ። እንደታዘብኩት ጫጫታው ብቻውን ጥሪ የሚያበላሸው ከምናስበው ባነሰ ጊዜ ነው። ጥሪውን የሚያበላሸው ሲስተሙ ጫጫታ ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ነው። መልእክቱን በግማሽ ያቋርጣል። ደዋዩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላም መጠበቁን ይቀጥላል። ያልተባለ ነገር ሰማሁ ይላል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጥለትን የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር እዚህ ወደ መጨረሻው የገፋሁት።

1. መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ

ያልተሳኩ 50 ወይም 100 ጥሪዎችን አውጡ። ጥሪው እንደሚቀዳ ለደዋዩ መነገሩን፣ ለማዳመጥም ፈቃድ እንዳላችሁ አረጋግጡ። ከተቻለ የደዋዩና የሲስተሙ ድምፅ በየራሱ ቻናል የተቀዳ ይሁን። ሁለቱ ተደባልቀው ከተቀዱ ማን ማንን እንዳቋረጠ ለማወቅ ትቸገራላችሁ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ስሙ። ቻርት ለዚህ አይበቃም።

እየሰማችሁ በየጥሪው ምን እንዳለ ጻፉ። እኔ የምጠቀምበት አከፋፈል ይህ ነው፦

- ሳይለዋወጥ የሚቀጥል ድምፅ። ሞተር፣ ማራገቢያ፣ የመንገድ ጉርምርምታ። ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።
- ድንገት መጥቶ የሚጠፋ። የመኪና ጡሩምባ፣ የበር ጓጓታ፣ ሳል፣ የዕቃ መውደቅ።
- ማይኩን የሚመታ ነፋስ።
- የሌላ ሰው ንግግር። አጠገብ ያለ ሰው፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን። ሲስተሙ የሚፈልገው ንግግር ስለሆነ፣ ይሄኛው ንግግር የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ከባዱ ይህ ነው።
- ጫጫታ የሚመስል ግን ያልሆነ። የተቆራረጠ ድምፅ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የጠፋ የኢንተርኔት ፓኬት (ድምፁ ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራጭ) ነው። የሚሻክርና የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ደግሞ ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን እንደ ዋዛ አትለፉት። ከዝርዝራችሁ ብዙው እዚያ ከወደቀ ከዚህ በታች ያለው ምክር አይጠቅማችሁም። መጀመሪያ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ሰው ጥሩ።

2. የስልኩ መስመር ምን እንደሚያስቀር እወቁ

የተለመደው የስልክ ድምፅ ጠባብ ነው። ድምፁ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል፤ የሚያልፈውም በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው ጂ.711 የተባለው ኮዴክ (ድምፅን ለመላክ ወደ ቁጥር የሚቀይር ዘዴ) ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም በየቦታው ይሠራል። የ“ሰ” እና የ“ፈ” ድምፅ ትልቁ ጉልበቱ ያለው ከዚህ ክልል በላይ ነው። ስለዚህ ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥም እንኳ ሁለቱ በስልክ ይምታታሉ። ስማችንን በስልክ ስንናገር “ሰ እንደ ሰማይ” የምንለው ወደን አይደለም። በዚህ ላይ ጫጫታ ሲጨመር መጀመሪያ የሚዋጡት እንደነዚህ ያሉ ደካማ ተነባቢዎች ናቸው። አናባቢዎቹ ይተርፋሉ።

በአማርኛ ይህ የሚያመጣውን ጣጣ ቁጥር ላይ እዩት። “ሰባት” እና “ሰባ” የሚለያዩት በመጨረሻዋ “ት” ብቻ ነው። አንድ የበር ጓጓታ ሰባቱን ሰባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን።

ሰውም ጫጫታ ውስጥ አነጋገሩ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 ያሳወቀው ነገር ነው፤ እስካሁንም በስሙ ይጠራል። ሰው ዙሪያው ሲጮህ ሳያስበው ድምፁን ያነሣል፣ ያቀጥናል፣ አናባቢዎቹን ይጎትታል። ሲስተማችሁ የሚሰማው የተለመደ ድምፅ ሲደመር ጫጫታ አይደለም፤ ድምፁ ራሱ ሌላ ሆኗል።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ጥቂት ነው። መስመሩ የሚፈቅድ ከሆነ እንደ ጂ.722 ወይም ኦፐስ ያለ ሰፊ ኮዴክ ተጠቀሙ፤ ጂ.722 እስከ 7000 ኸርዝ ድረስ ያሳልፋል። ድምፁ መንገድ ላይ ከአንድ ኮዴክ ወደ ሌላ ደጋግሞ እንዳይገለበጥ አድርጉ። 8000 ሆኖ የመጣውንም 16000 አድርጋችሁ ወደ ንግግር አዋቂው ሶፍትዌር አትላኩ። ያልነበረ ድምፅ በማባዛት አይፈጠርም። ይልቅ በስልክ ድምፅ የሠለጠነ ሞዴል ካለ እሱን ምረጡ። በመጨረሻም ጌትዌዩ (የስልኩን መስመር ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ዝምታን የሚቆርጥ ቅንብር ካለ አጥፉት። የኔትወርክ ቦታ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ ዋጋውን ግን የምትከፍሉት በተቆረጡ የቃል መነሻዎች ነው።

3. የገደል ማሚቶውን አጥፉ

እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። አንድ ሲስተም ላይ መልእክቱ ገና “እንኳን ደህና…” ሲል ይቋረጥ ነበር። በብዙ ጥሪ። ደዋዮቹ ሁሉ ገበያ መሃል የቆሙ ይመስል ለሁለት ሳምንት ጫጫታን ስናሳድድ ከረምን። የድምፅ መለያውን፣ ማለትም ሰው እየተናገረ መሆኑን የሚወስነውን ክፍል፣ ገደብ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ እናደርጋለን። በመጨረሻ አንዱ ባልደረባዬ ከፀጥተኛ ክፍል ደውሎ ትንፍሽ ሳይል ያዘው። ያኔም ተቋረጠ። ለካ ሲስተሙ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነበር፤ በመስመሩ ዞሮ ተመልሶ ይመጣበታል። ራሱ ተናግሮ ራሱ ይደነግጥ ነበር ማለት ነው።

ሙከራውን እናንተም አድርጉ። ፀጥ ካለ ቦታ ደውሉ፣ መልእክቱ እስኪያልቅ ዝም በሉ፣ ከዚያ ከደዋይ ወገን የተቀዳውን ቻናል ብቻ ክፈቱ። የሲስተሙ መልእክት እዚያ ደብዝዞ ከተሰማ ማሚቶ አለ። አንዴ በተለመደው አያያዝ፣ አንዴ በስፒከር ሞክሩት። በስፒከር ብቻ ከመጣ ምንጩ የደዋዩ ስልክ ነው። ሁልጊዜ ካለ መስመሩ ላይ ነው።

መፍትሔው ጌትዌዩ ላይ ያለውን ማሚቶ ማጥፊያ ማብራት ነው። የዚህ መሣሪያ መለኪያ ጂ.168 ይባላል። ካልተቻለ የመልእክቱን ድምፅ በጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ዝቅ አድርጉ፤ መልእክቱ እየተሰማ ባለበት ጊዜም የድምፅ መለያውን ገደብ ከፍ አድርጉ።

4. ንግግር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ

ሲስተሙ ቃላቱን ከማወቁ በፊት አንድ ትንሽ ዘበኛ አለ። ሥራው “አሁን ሰው እየተናገረ ነው ወይስ አይደለም?” ብሎ መወሰን ነው። ቀደም ሲል የድምፅ መለያ ያልኩት እሱን ነው፤ በሙያው ቫድ ይባላል። ብዙ የጫጫታ ችግር የሚፈጠረው እሱ ጋ ነው።

አሮጌዎቹ ቫዶች የሚያዩት የድምፁን ጉልበት ብቻ ነው። ከአንድ ገደብ በላይ ከሆነ ንግግር ነው ይላሉ። የጭነት መኪና ለእነሱ ተናጋሪ ነው። ከዚህ የሚሻሉ በነፃ የሚገኙ አሉ። ዌብአርቲሲ (በኢንተርኔት ለመነጋገር የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር) ውስጥ ያለው ቫድ ከ0 እስከ 3 የጥብቅነት ደረጃ አለው፤ 3 ላይ ሲሆን ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ በጭካኔ ይጥላል። ሲሌሮ የተባለው ደግሞ በኒውራል ኔትወርክ የሚሠራ ነው፤ 8000 ናሙናም ይቀበላል። በቮይስኤክስኤምኤል (የስልክ ንግግር ሲስተም መጻፊያ ቋንቋ) የተሠራ ሲስተም ካላችሁ ይህን የሚቆጣጠረው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቅንብር ነው። መነሻው 0.5 ነው። ወደ 0 ሲወርድ ጫጫታን ይንቃል፣ ወደ 1 ሲወጣ ሹክሹክታንም ይሰማል።

ቀጥሎ ያሉትን ቁጥሮች እንደ መነሻ ውሰዷቸው፤ ከዚያ በራሳችሁ ቅጂ አስተካክሉ።

ንግግር ተጀመረ ለማለት ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ተከታታይ ንግግር ይጠይቅ። ይህ ብቻውን ጓጓታና ጠቅታን ያስወግዳል። ግን አታብዙት፤ አጭር “አዎ” ራሷ ከግማሽ ሰከንድ በታች ልታልቅ ትችላለች።

ቫዱ “ተጀመረ” እስኪል ያለፈውን 300 ሚሊሰከንድ አታፍሱት። ይዛችሁ ከንግግሩ ጋር ላኩት። አለበለዚያ የመጀመሪያዋ ፊደል ሁልጊዜ ትቆረጣለች።

አለቀ ለማለት ለአጭር መልስ ከ600 እስከ 800 ሚሊሰከንድ ዝምታ ይበቃል። ቁጥር ሲጠየቅ ግን ወደ 1500 አድርሱት። ሰው ረጅም ቁጥር ሲያነብ ሦስት አራት አሃዝ ይልና መልሶ ወረቀቱን ያያል።

ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ዝምታ የሚባል ነገር ላይመጣ ይችላል። ደዋዩ ከጨረሰ ቆይቷል፣ ሞተሩ ግን ቀጥሏል፣ ሲስተሙም ይጠብቃል። ደዋዩ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ስልኩ ፀጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ የንግግር ርዝመት አስቀምጡ። ለአዎ ወይም አይደለም ጥያቄ 4 ሰከንድ፣ ለቁጥር 12 ሰከንድ ያህል።

5. ደዋዩ መልእክቱን ማቋረጥ ይችል? መቼ?

ደዋዩ መልእክቱ ሳያልቅ ጣልቃ ገብቶ መናገር መቻሉ ባርጅ ኢን ይባላል። ፀጥ ባለ ቦታ ግሩም ነገር ነው። ጫጫታ ውስጥ ግን ማንኛውም ጡሩምባ መልእክቱን ያቋርጣል፤ ደዋዩም ምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ ይቀራል።

ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የሰነፍ መፍትሔ ነው። ደጋግሞ የሚደውለውን ሰው ታሰቃያላችሁ። የምመክረው መካከለኛውን ነው። መልእክቱ ድምፅ ስለተሰማ ብቻ አይቁም፤ የታወቀ ቃል ሲገኝ ይቁም። ቮይስኤክስኤምኤል ይህን ሆትዎርድ ይለዋል። በቋንቋ ሞዴል በሚሠሩ አዳዲስ የድምፅ ቦቶችም ዘዴው ያው ነው። ቫዱ ሲነቃ ቦቱ ድምፁን ዝቅ ያድርግ እንጂ ዝም አይበል። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቃል ተጽፎ ከመጣ ያቁም፤ ካልመጣ ድምፁን መልሶ ከፍ አድርጎ ይቀጥል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ አንድ ነገር ኳ ቢል ለአፍታ ገታ እንላለን እንጂ ወሬያችንን አንተውም።

አንድ ተጨማሪ፦ በአንድ ጥሪ ውስጥ መልእክቱ ሁለት ጊዜ በከንቱ ከተቋረጠ ለቀሪው ጥሪ ባርጅ ኢኑን አጥፉት። ሌላውን ደዋይ አይነካም።

6. ንግግሩን ራሱ ቀይሩ

አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩበት ጊዜ ካላችሁ ይህኛውን ሥሩ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ከየትኛውም ማጽጃ ይበልጣል።

ከጥያቄው ጀምሩ። “ምን ልርዳዎት?” ብሎ ለጫጫታ ክፍት መሆን አንድ ነገር ነው፤ “ሒሳብ ለማወቅ ወይስ ካርድ ለማዘጋት?” ብሎ መጠየቅ ሌላ። የሚጠበቀው መልስ ባነሰ ቁጥር ጫጫታው የሚያሳስትበት ቦታ ይጠባል። አማራጮቹ በድምፅ የተራራቁ ይሁኑ። “አዎ” እና “አይ” ሁለቱም አጫጭር ናቸው፣ ሁለቱም በ“አ” ይጀምራሉ። “አዎ ወይም አይደለም ይበሉ” ብትሉ አንደኛው ስለሚረዝም መለየቱ ይቀላል።

አሁን ወደ ሰባቱና ሰባው። ደዋዩን “ቁጥርዎን አንድ በአንድ ይንገሩኝ” በሉት። ሲስተሙም ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አሥር ቃላት ብቻ እንዲጠብቅ አድርጉ። “ሰባ” ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ “ት”ዋ ብትዋጥም ሰባት ሆኖ ይያዛል። ሰው ግን በልማድ ሁለት ሁለቱን እየያዘ “ሰባ ሁለት” ሊል ይችላልና፣ መልሳችሁ አንብቡለት፤ ትክክል መሆኑንም ጠይቁት። ቁጥሩ የማረጋገጫ አሃዝ ካለው፣ ለምሳሌ የባንክ ካርድ ቁጥር እንዳለው፣ ሒሳቡን አስልታችሁ የማይሆነውን ወዲያው ጣሉ።

ንግግር አዋቂው ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ገደብ ብቻ አታስቀምጡ። ሁለት አስቀምጡ። ከላይኛው በላይ ከሆነ ተቀበሉ። በመካከል ከሆነ “ካርድ ማዘጋት ነው ያሉኝ?” ብላችሁ አረጋግጡ። ከታችኛው በታች ከሆነ ጣሉት። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ወይም ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ከሆነ ግን እርግጠኝነቱ የቱንም ያህል ቢሆን በቁልፍ አስረግጡ።

ቁልፍ ያልኩት የስልኩን ቁጥሮች ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ላይ ያወጣል፤ 5 ሲጫን 770 እና 1336 ኸርዝ ይወጣሉ። በኢንተርኔት መስመር ላይ ደግሞ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ “5 ተጫነ” የሚል መልእክት ሆኖ ሊሄድ ይችላል። ይህን የሚወስነው የኢንተርኔት ደንብ አርኤፍሲ 4733 ነው። በዚህ መልክ ከተላከ የፈለገው ጫጫታ ይሁን አይነካውም። ቁልፍ አሮጌ ነገር ነው ብለው የሚያፍሩበት አሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ።

ስላልተሰማ መልስ ደግሞ ያው ዓረፍተ ነገር አይደገም። እንዲህ ይሁን፦

የመጀመሪያው ላይ አጭር፦ “አልሰማሁዎትም። አዎ ወይስ አይደለም?”

ሁለተኛው ላይ መንገድ ቀይሩ፦ “ድምፅ በዝቶብኛል። አዎ ከሆነ 1ን፣ አይደለም ከሆነ 2ን ይጫኑ።”

ሦስተኛው ላይ ለሰው አስተላልፉ፤ እስካሁን የተነገረውንም አብራችሁ ላኩ። ይህን ያህል ታግሎ እዚያ ለደረሰ ሰው ስሙን እንደገና መጠየቅ ነውር ነው።

“እባክዎ ጮክ ብለው ይናገሩ” አትበሉ። ሎምባርድን አስታውሱ፤ ሰውየው ቀድሞውንም እየጮኸ ነው። ማይኩም ሲጮኽበት ድምፁን ይቆርጠዋል። “ስልኩን ወደ አፍዎ ያስጠጉ” ማለት ይሻላል።

ደዋዩም በዚያው ጫጫታ ውስጥ ሆኖ እናንተን ለመስማት እየታገለ መሆኑን አትርሱ። ከመልእክታችሁ ሥር ያለውን ሙዚቃ አውጡት።

7. ማጽጃው፣ አሁን

ድምፅ ማጽዳት አዲስ አይደለም። በ1979 ስቲቨን ቦል ያሳተመው ዘዴ ጫጫታውን በዝምታ ሰዓት ለክቶ ከንግግሩ ላይ ይቀንሳል። ለማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሠራል፤ ግን ከኋላው የሚንጫረር፣ ጽውጽው የሚል ድምፅ ይተዋል። የዛሬዎቹ በኒውራል ኔትወርክ የሚሠሩ ናቸው። አርኤንኖይዝ የታወቀ ነው፤ የተሠራው ግን ለ48000 ናሙና ነው እንጂ ለስልክ አይደለም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ለሰው ጆሮ የሚያምር ድምፅ ለሶፍትዌር የሚያምር ላይሆን ይችላል። ማጽጃው ጫጫታ መስሎት “ሰ”ን ከ“ፈ” ጋር ይጠርጋል። ንግግር አዋቂዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ የሠለጠኑት ጫጫታ ካለበት ድምፅ ጋር ነው፤ የታጠበው ድምፅ ለእነሱ ባዳ ነው። የጉግል የንግግር አገልግሎት መመሪያ ራሱ ድምፁን አጽድታችሁ አትላኩ ብሎ ይመክራል። ብዙ ስልኮችም ቀድመው በራሳቸው ያጸዱታል። የታጠበን ማጠብ ልብሱን ነው የሚያሳሳው።

ማጽጃው የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። ጥሪው ወደ ሰው ሲተላለፍ ለሠራተኛው ጆሮ እረፍት ነው። ሌላው የምወደው ዘዴ ድምፁን ለሁለት መክፈል ነው። የጸዳው ለቫዱ ብቻ ይሂድ፤ ሰው እየተናገረ መሆን አለመሆኑን ይወስንበት። ያልተነካው ወደ ንግግር አዋቂው ይሂድ።

የቴሌቪዥኑን ዜና ግን የተለመደ ማጽጃ አያጠፋውም። ንግግር ነዋ። እዚህ የሚረዳው ቅርብና ሩቅ ድምፅን መለየት፣ ወይም ዋናውን ተናጋሪ ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ ሞዴል ነው። እነሱም ከሌሉ ደረጃ 6 እና ቁልፉ አሉላችሁ።

8. ሞክሩ፣ አንድ በአንድ

ንጹሕ ቅጂዎችን ውሰዱና ላያቸው ላይ ጫጫታ ደባልቁ። ንግግሩ ከጫጫታው በ20፣ በ10፣ በ5 እና በ0 ዴሲቤል በልጦ ይሁን። 20 ማለት የንግግሩ ኃይል መቶ እጥፍ ነው፤ 0 ማለት እኩል ለእኩል ናቸው። ከደባለቃችሁ በኋላ በስልኩ ኮዴክ አሳልፉት፤ ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። በፀጥታ የተቀዳ ሰው ጫጫታ ውስጥ እንዳለ ሰው አይናገርም። ስለዚህ በደረጃ 1 ያወጣችኋቸውን እውነተኛ ጥሪዎች ጨምሩ፤ ፀጥ ያሉ ጥሪዎችም ይኑሩበት፤ አንዱን ስትጠግኑ ሌላውን እንዳትሰብሩ።

የምትለኩት የተሳሳቱ ቃላትን ብቻ አይሁን። ደዋዩ የደወለበትን ጉዳይ ጨርሷል ወይ? ያልተባለ ነገር እንደተባለ ተቆጥሯል ወይ? ሁለተኛው ከማንኛውም ስሕተት የከፋ ነው። ያልሰማ ሲስተም ያናድዳል፤ ያልተባለ የሚሰማ ግን ካርድ ያዘጋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ከለቀቃችሁት በኋላ ለመጀመሪያው ሳምንት ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ ሦስት ነገር ተከታተሉ። በተጀመሩ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የተቋረጡ መልእክቶች ከበዙ ወደ ደረጃ 3 እና 5 ተመለሱ። በከፍተኛው ርዝመት የተቆረጡ ንግግሮች ከበዙ ደረጃ 4 ነው። “ምንም አልተሰማም” የሚለው ከፀጥተኛ ጥሪዎች ላይ መብዛት ከጀመረ ደግሞ ዘበኛውን ከልክ በላይ አጥብቃችሁታል ማለት ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰዎችን እየመለሰባችሁ ነውና ትንሽ አላሉት።